የቀና አንገት ኮሚቴ

ታላላቅ ሥራዎች ጸሐፊ ካላገኙ ከሠሪዎቻቸው ጋር ይቀበራሉ። በባሕርና በተራራ መካከል ተጣብቃ የምትኖረው ትንሿ ከተማችን የአንገትና የትከሻን ህመም ከማዘጋጃ ቤቷ ነቅላ የጣለችበት ዘመቻም ተድበስብሶ እንዳይቀር፣ እኔ ናሚካዋ ብዕሬን አንስቻለሁ። የነዋሪዎች ምዝገባ ክፍል ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አሥራ አራት ሠራተኞች ተሰብስበው ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይሉ ሲለያዩ፣ ያንን ምንም በሦስት ገጽ የምጽፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ ለዚህ ታሪክ ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም።

በእኛ በጃፓኖች ዘንድ የትከሻ መደንደን በሽታ ሳይሆን የምስክር ወረቀት ነው። ትከሻው የለሰለሰ ሠራተኛ ሲገኝ ይሄ ሰው ቀኑን ምን ሲሠራ ይውላል ተብሎ ይጠረጠራል። ጠዋት ስንገናኝ እያንዳንዳችን የራሳችንን ትከሻ በጡጫ መታ መታ እያደረግን «ኧረ ዛሬስ ብሶበታል» እንባባላለን። ያልደነደነበትም ቢሆን ለጨዋነት ሲል ይመታል። ኃላፊያችን አቶ ኢሶጋይ ከሁላችንም በላይ ይመቱ ነበር፤ የደረጃ ነገር ነውና።

ወይዘሮ ቶኪዳ ግን ልክ አለፈች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንድ ዝቅ ያለ ስክሪን ፊት ተቀምጣ የከተማዋን ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስትመዘግብ አንገቷ እንደ ኤሊ ወደ ፊት ወጥቶ ቀረ። ከመደርደሪያ ፋይል ለማውረድ ክንዷ አይነሣም። በቀኝ እጇ ፀጉሯን ማበጠር ከተወች ዓመት አልፏታል። በዚያ መኸር ሁለት ጣቶቿ መደንዘዝ ሲጀምሩ፣ በዚሁ ከቀጠለች እጇ ራሱ እየሰለለ እንደሚሄድ ሐኪሟ ነገራት። በእጇ ሠርታ የምታድር ሴት ናትና በጣም ፈራች።

መፍትሔው ከተራ በላይ ተራ ነበር። አናጢ የነበሩት አባቷ አንድ ስንዝር ከፍታ ያላት የእንጨት መደገፊያ ሠሩላት። ስክሪኑ መደገፊያዋ ላይ ቢቀመጥ ከዓይኗ ትክክል ይመጣል፤ አንገቷም ማጎንበሱ ይቀርለታል። ገንዘብ አልጠየቀችም፤ እረፍትም አልጠየቀችም። ይቺን እንጨት ጠረጴዛዬ ላይ ላስቀምጥ ብላ ፈቃድ ብቻ ጠየቀች።

በእኛ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚገኘው ወረቀቱ ከታች እስከ ላይ ዞሮ የስምንት ሰው የስም ማኅተም ሲያርፍበት ነው። ማኅተሙም ዝም ብሎ አይመታም። የበታች ሠራተኛ የራሱን ወደ አለቃው ማኅተም ዘንበል አድርጎ ይመታዋል፤ ስሙ ራሱ እጅ እንዲነሣ ማለት ነው። ስምንቱ ተደርድረው ሲታዩ ነፋስ ያስተኛው ማሳ ይመስላሉ፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የመጨረሻው፣ የከንቲባው ብቻ ነው። ቶኪዳ ሕመሙ አናቷ ላይ ወጥቶባት ይሁን ልቧ ሌላ ቦታ ሄዶ፣ የእሷን ቀጥ አድርጋ መታችው። አቶ ኢሶጋይ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጠረጴዛዋ መጡና፣ እንደ ወጋችን ስሟ ላይ የአክብሮቷን «ሳን» ጨምረው ጠሯት።

«ቶኪዳ ሳን፣ ይቺ ማኅተምሽ ምን ነካት?»

«ምን ሆነች ኃላፊ?»

«ቀጥ ብላ ቆማለች። እዚህ፣ ከእኔ ጎን፣ እንደ እኩያ።»

«አንገቴን ይዤ ስለመታሁት ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔማ ምን ቸገረኝ፤ አውቅሻለሁ። ምክትል ከንቲባው ጋ ሲደርስ ግን ኢሶጋይ ሠራተኞቹን ማጎንበስ አላስተማረም ነው የሚባለው።»

ቶኪዳ ወረቀቱን እንደ አዲስ ጻፈች፤ ማኅተሟንም በደንብ አስጎንብሳ መለሰችው። ቀና ለማለት የሚለምነው ወረቀት ጎንበስ ብሎ ጉዞ ጀመረ። መልሱ በስድስተኛው ሳምንት መጣ።

መልሱ የብዙ ሰው ጥበብ የተጠራቀመበት ነበር። የአንድ ሠራተኛ ስክሪን ከፍ ካለ የሌሎቹ አሥራ ሦስቱ ዝቅ ያሉ ስለሚመስሉ የባልደረቦች ስምምነት ይናጋል ይላል። ደግሞም አቶ ኢሶጋይ በማስመሪያ ለክተው እንዳረጋገጡት፣ ያቺ ስንዝር ከተጨመረች የቶኪዳ ስክሪን ከኃላፊዋ ስክሪን በአራት ጣት ይበልጣል። ስለሆነም ችግሩ የዕቃ ሳይሆን የሰው አቀማመጥ መሆኑ ታውቆ፣ የሁሉም ሠራተኛ አንገት በመልመጃ እንዲቃና ኮሚቴ ይቋቋም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ እኛ አህያውንም ዳውላውንም ትተን መንገዱን ልናቃና ተነሣን።

የቀና አንገት ኮሚቴ አቶ ኢሶጋይን ሰብሳቢ አድርጎ ተቋቋመ። ጸሐፊነቱ፣ ሕመሙን ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም ተብሎ፣ ለቶኪዳ ተሰጠ። ሥራው ከባድ አልነበረም። በቀን ሦስት ጊዜ የአሥራ አራት ሰው ጆሮ ከትከሻው ስንት ጣት ወደ ፊት እንደወጣ በማስመሪያ መለካት፣ ከዚያ አርባ ሁለቱን ቁጥሮች በኮምፒውተር ቅጹ ላይ መሙላት ብቻ ነው። ቶኪዳ ይህን የምትሠራው ከመደበኛ ሥራዋ በተጨማሪ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ስክሪኗ ላይ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሦስተኛ ጣቷ ደነዘዘ።

መልመጃውን የምታስተምር ፊዚዮቴራፒስት ከከተማው ክሊኒክ ተጠራች። ወይዘሮ ኢቡኪ የስልሳ ዓመት ሴት ናት፤ አጭር፣ ቀጥ ያለች፣ ለወሬ ጊዜ የሌላት። ሦስት ነገር አሳየችን። አገጭን ድርብ እስኪሆን ወደ ኋላ ስቦ አምስት እስኪቆጠር መያዝ። ከጀርባ ያሉትን ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች በመካከላቸው እርሳስ የያዙ ይመስል ማቀራረብ። ክንድን በበር መቃን ላይ ደግፎ ደረትን ወደ ፊት መግፋት። ሁሉም ተደምሮ ሦስት ደቂቃ እንደማይፈጅ፣ ዋናው ነገር በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበር መነሣት እንደሆነ ነገረችን። አቶ ኢሶጋይ ሦስት ደቂቃ ሲባል ቅር አላቸው፤ ኮሚቴ ለሦስት ደቂቃ አይቋቋምም።

ከዚያ ወይዘሮ ኢቡኪ ቶኪዳን አየቻት። ጠጋ ብላ አንገቷን ዳሰሰች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካካች። ከመደርደሪያው የማዘጋጃ ቤቱን መተዳደሪያ ደንብ ሁለት ወፋፍራም ቅጾች አውርዳ ከስክሪኑ ሥር አስገባችና ይኸው አለቀ አለች።

አቶ ኢሶጋይ ከልባቸው አመሰገኑና፣ ይህ ግን መልመጃ አለመሆኑን በትሕትና አስታወሱ።

«መልመጃውማ ይጠቅማል» አለች ኢቡኪ። «ግን ወንዝ ውስጥ ቆሞ በፎጣ መድረቅ የለም። መጀመሪያ ከወንዙ አውጧት።»

ሁላችንም በአድናቆት ራሳችንን ነቀነቅን። የባለሙያዋ መኪና ከግቢው ሳይወጣ ቅጾቹ ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ፤ ሕግ ከኮምፒውተር ሥር አይገባምና። ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለሙያዋ ጥልቅ ምክር ለግሰዋል፤ ምክሩ ወደፊት ይጠናል» ብዬ ጻፍኩ። ወደፊት ይጠናል ማለት በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ቶኪዳ አሳምራ ታውቃለች፤ እንጨቷን ከጠረጴዛዋ ሥር አንስታ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

ዘመቻው በይፋ ተጀመረ። በየሃያ ደቂቃው ደወል ይጮኻል፤ አሥራ አራታችንም ሥራችንን አቁመን፣ አቶ ኢሶጋይ የደረሱትን «የቀና አንገት ለተገልጋይ እርካታ» የሚል መፈክር በአንድ ድምፅ ብለን፣ አገጫችንን ወደ ኋላ እንስባለን። አቶ ኢሶጋይ በመካከላችን እየተመላለሱ ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ሰሞን እውነት ለመናገር ደስ ይል ነበር፤ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን ሥራ የሚቆምበት ደንብ ሲወጣ ዓይቼ አላውቅም።

አንድ ማለዳ ሃማጉቺ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መስኮቱ ፊት ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ባለቤታቸው ትናንት ማረፋቸውንና ሊያስመዘግቡ መምጣታቸውን ተናገሩ። ደወሉ ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ስለ ተገልጋይ እርካታ መፈክሩን አሰማ፤ ከዚያም ሁላችንም ዓይናችንን ሽማግሌው ላይ እንደተከልን ፊታችንን ወደ ኋላ ሳብንና አምስት እስኪቆጠር ያዝን።

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩን። ቀስ ብለው የጃኬታቸውን እጅጌ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «ከጀልባዬ ወርጄ በቀጥታ ነው የመጣሁት። ውጭ ልጠብቅ?»

አገጯን ያልሳበችው ቶኪዳ ብቻ ነበረች፤ አንገቷ እምቢ ብሏታል። ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደችና «የለም አባባ፣ እርስዎ አይደሉም፤ እኛ ነን» አለቻቸው። ወንበር ስባ አስቀምጣ፣ የሚስታቸውን ስም ከአንደበታቸው እየሰማች ጻፈችላቸው። አቶ ኢሶጋይ በዕለቱ ቅጽ ላይ «ቶኪዳ፦ አንድ ጊዜ መልመጃ አልፏታል» የሚል አስመዘገቡ። መዝጋቢዋ ራሷ ቶኪዳ ነበረች።

የሽማግሌው ጎረቤቶች ቅሬታ አቀረቡ። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ መላ አገኘ። ከእያንዳንዱ መልመጃ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ መልመጃው ላስከተለው አለመመቸት ተገልጋዩን ዝቅ ብሎ ይቅርታ ይጠይቅ። ተገልጋይ ከሌለ፣ ሊመጣ ይችል ለነበረው ተገልጋይ ይጎንበስ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ሃያ አራት ጊዜ አንገታችንን እናቃናለን፣ ሃያ አራት ጊዜ እንደፋዋለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ የማያውቁ ሰዎች፤ እኛ የቆጡንም የብብቱንም በቅጽ መዝግበናል። የጎነበስነውን የምትቆጥረውና የምትሞላውም ቶኪዳ ሆነች። ቡና ቤት ሻይ ስንጠጣ ስኒዋን በግራ እጇ ስታነሳ አየኋት። ምን ያህል ያምሻል ብላት ጥሩ ነበር፤ ሻዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

በሦስተኛው ወር የክፍላችን አማካይ ውጤት በሚያስደንቅ ሁኔታ ተሻሻለ። የቶኪዳ ቁጥር ብቻ ወደ ኋላ ይጎትተው ስለነበር፣ አቶ ኢሶጋይ ለአማካዩ ሲሉ በገዛ እጃቸው አስተካከሉላት። በቅጹ መሠረት ከሁላችንም ቀጥ ያለ አንገት ያላት እሷ ሆነች። ዝናችን ወጣ። የጎረቤት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ዘጠኝ ሰው ያለበት የልምድ ልውውጥ ቡድን ላከ፤ ከንቲባው በተገኙበት በሁለተኛው ፎቅ አዳራሽ ሥነ ሥርዓት ተሰናዳ፤ የጋዜጣ ፎቶ አንሺም ተጋበዘ። መፈክራችን በትልቅ ጨርቅ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ሪፖርቱን እንድታነብ የተመረጠችው ምርጥ ውጤት ያላት ቶኪዳ ነበረች።

ሪፖርቱን ስታጠናቅቅ ሁለት ቀን ከዚያ ስክሪን ፊት አልተነሳችም። ወደ ድምፅ ማጉያው ስትሄድ ፊቷ ነጭ ነበር። እንደ ደንቡ ለከንቲባው ጎንበስ አለች፤ እዚያው ቀረች።

በእኛ ዘንድ ሦስት እስኪቆጠር ያጎነበሰ ሰው ሰላም ብሏል። አሥር እስኪቆጠር ያጎነበሰ ግን ይቅርታ እየጠየቀ ነው። ቶኪዳ አሥርን አለፈች። ከንቲባው ደነገጡ። ሠራተኛቸው በእንግዳ ፊት ይህን ያህል የምታጎነብሰው ከባድ ጥፋት ቢኖር ነው፤ ጥፋት ካለ ደግሞ አለቃ ቀና ብሎ መታየት የለበትም። ተነሥተው ከጎኗ ቆሙና ጎነበሱ። ምክትላቸው ከእሳቸው ዝቅ ብለው ጎነበሱ። አቶ ኢሶጋይ ከምክትሉ ዝቅ ለማለት ሲታገሉ ግንባራቸው ጉልበታቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ዘጠኙ እንግዶችም ጋባዦቻቸው ተደፍተው እነሱ መቀመጣቸው ነውር ሆነባቸውና ተነሥተው ተደፉ። የቀና አንገትን የሚያወድሰው ጨርቅ ሥር ሰላሳ ያህል ሰው መሬት መሬቱን እያየ ቆመ፤ ቀድሞ ቀና የሚል ጠፋ። እኔ ቃለ ጉባኤ ስለምይዝ ከንቲባው እግር ሥር ተቀምጬ ሁሉንም እሰማ ነበር።

«ቶኪዳ ሳን፣ ተነሺ እንጂ» አሉ አቶ ኢሶጋይ በሹክሹክታ።

«አልችልም።»

«ይበቃል፤ ትሕትናሽን ሁሉም ዓይቶታል።»

«ትሕትና አይደለም ኃላፊ። አንገቴ ተይዟል። እጄም አይሰማኝም።»

«ቀስ በይ፤ እንግዳ ይሰማል።»

መልመጃውን ያስተማረች ናት ተብላ ተጋብዛ ከኋላ ወንበር የነበረችው ወይዘሮ ኢቡኪ ተነሣች። በተደፉት ሰዎች መካከል ሰተት ብላ መጥታ ቶኪዳን ብብቷ ሥር ደግፋ፣ ጭንቅላቷን በእጇ ይዛ በጎን በር አወጣቻት። የተደፋ ሰው ጫማ እንጂ ሰው አያይምና የቶኪዳን መሄድ ያስተዋለ የለም። ለሄደች ሴት ሌላ ሁለት ደቂቃ ያህል አጎነበሱ። ፎቶ አንሺው ሥራውን ሠራ።

በማግስቱ ጋዜጣው የከተማው አመራር በአንድነት ይቅርታ ሲጠይቅ የሚያሳይ ሰፊ ፎቶ ይዞ ወጣ። ስለምን እንደሆነ አልጻፈም፤ ቢጠይቅም ማንም አልነገረውም። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይኬድም፤ ነዋሪውም የተጎነበሰ ባለሥልጣን ሲያይ ግመሉን መፈለጉ አይቀርም። ስልካችን ቀኑን ሙሉ ጮኸ። ውኃው ተበክሏል ወይ? ድልድዩ ሊወድቅ ነው ወይ? ማዘጋጃ ቤቱ ይቅርታ የተጠየቀበትን ጥፋት የሚያፈላልግ ሌላ ኮሚቴ አቋቋመና በሳምንቱ ጥፋቱን አገኘው። ጥፋቱ ቶኪዳ ናት።

አቶ ኢሶጋይ እኔን አስከትለው፣ የጣፋጭ ፓኮ ይዘው ሊጠይቋት ቤቷ ሄዱ። አንገቷ በድጋፍ ታስሮ ተቀምጣ ነበር። የይቅርታ ደብዳቤ በእጇ ብትጽፍ ነገሩ በቀላሉ እንደሚታለፍ አስረዷት። እሷም በማይሰማት እጅ ደብዳቤ እንደማትጽፍ ተናግራ፣ አባቷ የጻፉላትን የመልቀቂያ ማመልከቻ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ኃላፊ፣ እኔ እኮ የጠየቅኩት እንጨት ብቻ ነበር» አለች።

አቶ ኢሶጋይ ማመልከቻውን እያጠፉ ትንሽ አሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያሰቡትን እውነት ነው የተናገሩት።

«አውቃለሁ ቶኪዳ ሳን። ግን ያኔ ብፈቅድልሽ ኖሮ ይሄ ሁሉ ዘመቻ አይኖርም ነበር።»

የዘመቻው የማጠቃለያ ሪፖርት በእኔ ብዕር ተጻፈ። በመጀመሪያው ቀን የአንገት ሕመም እንዳለበት በጽሑፍ ያመለከተ ሠራተኛ፦ አንድ። በመጨረሻው ቀን፦ ዜሮ። ስኬት፦ መቶ በመቶ። አውራጃው የምስጋና ወረቀት ልኮልን፣ አቶ ኢሶጋይም የሌላ ክፍልን አንገት እንዲያቃኑ በእድገት ተዛወሩ። የቶኪዳ ጠረጴዛ ባዶ መቆየት ስለሌለበት ለእኔ ተሰጠኝ።

ከስድስት ወር በኋላ ቶኪዳ የመኖሪያ ማስረጃ ልታወጣ መጣች። አሁን ወንድሟ ዘንድ፣ ተቀምጣ ሳይሆን ቆማ፣ መንደሪን እየለየች ትሠራለች። መስኮቱ ፊት ቀጥ ብላ ቆማ፣ በግንባሯ ላይ የወረደውን ፀጉር በቀኝ እጇ ወደ ኋላ መለሰችው። እሷ ስትቆም እኔ የማየው ቀበቶዋን ነበር፤ ፊቷን ለማየት ብሞክር ከአንገቴ እስከ ክርኔ እሳት ወረደብኝና ተውኩት።

«ናሚካዋ ሳን፣ ጀመረህ?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምኑ?»

«ተው እንጂ። በጊዜ ተናገር፤ እኔ ቆይቼ ነው የተጎዳሁት። አባቴ አንድ ሌላ እንጨት ቢሠራልህ ምን ይመስልሃል?»

ከልቤ አመሰገንኳት። ከዚያ አስረዳኋት። በዚህ ክፍል የአንገት ሕመም ያለበት ሠራተኛ ቁጥር ዜሮ ነው፤ ሪፖርቱ ለአውራጃው ሄዷል፣ የምስጋና ወረቀቱ ተሰቅሏል፣ ሪፖርቱን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ስለዚህ አንገቴን ሊያመኝ አይችልም፤ በይፋ ተወስኗል።